ቀድሞ የነካው

ኪላሪ ላይ ባሕሩ ከተራሮች መሐል ገብቶ ይተኛል፤
ዝናቡ ግን አይተኛም፣ ጣሪያ ሲያንኳኳ ያድራል።
ኮልማን ጀልባው ላይ ነው፤ ጓንቱ ከአውራ ጣቱ ተቀዶ፣
ገመድ ይጎትታል፣ አርባ ዓመት ክብደቱን ለምዶ።
ገመዱ ላይ ዛጎል አለ፣ ጥቁር በጥቁር ተነባብሮ፣
በራሱ ክር ተንጠልጥሎ፣ በራሱ ሙጫ ታስሮ።

“እይው” ይላታል ልጁን፣ “እጅ የለው፣ አጥንት የለው፣
የአትላንቲክ ማዕበል መጥቶ ከቦታው የማይነቅለው!
እኔ ቀዳዳ ልደፍን ፀሐይ ስለምን እውላለሁ፣
እሱ ውሃ ውስጥ ይለጥፋል፤ በምን እበልጠዋለሁ?”

ዴርቭላ ጎልዌይ ናት፣ ከላቦራቶሪ ገብታ፣
ምንም የማይዘውን ገጽ ልትሠራ ተነሥታ።
የአባት እንጀራ በሚጣበቅ፣
የልጅ ደመወዝ በማይጣበቅ።

ሳንቲም የምታህል የታይታኒየም ቁራጭ፣
ፊት እስኪያሳይ የተወለወለች።
ቀዩ ተጣርቶ የቀረውን ደም፣ ገለባ የመሰለውን፣
ቀስ አድርጋ ታፈስባታለች።
ከዚያ ሰዓቷን ትጫናለች።

አንድ—
“አንድ” ሳይባል በፊት ብረቱ ያው ብረት አይደለም፤
ራቁቱን የሚቆይ ገጽ በደም ዘንድ የለም።
አልቡሚን ቀድሞ ደረሰ፣ ቀላሉ፣ ብዙው፣ ፈጣኑ፣
ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው በነገድ በወገኑ።
የያዘው ግን በጣት ጫፍ ነው።
ከባዶቹ ከኋላ ይመጣሉ እየተንፏቀቁ፣
ጥቂቶች ናቸው፣ ረጃጅም፣ አንዴ ከያዙ የማይለቁ።
ፋይብሪኖጅን ነው አንደኛው፤ በትከሻው ገፋ ገፋ አድርጎ፣
ፈጣኑን ከመቀመጫው አስነሣው፣ ቦታውን የግሉ አድርጎ።
ቀድሞ የወጣን ጆሮ
ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው—
ይህን የተረተ ሰው
ደም ብረት ላይ ሲያርፍ አይቶ ነው? ወይስ ማን ነገረው?

ይህን ሁሉ ዴርቭላ በቁጥር ትጽፈዋለች፤
በቁጥር የማይጻፈውን ማታ አውቶቡስ ላይ ታስበዋለች።
ፕሮቲን የታጠፈ ደብዳቤ ነው።
ውሃ የሚፈራ ሆዱን ወደ ውስጥ አድርጎ፣
ውሃ የሚወደውን ለብሶ፣
ዕድሜውን ሙሉ ይዋኛል ምስጢሩን በእጥፉ ከልሶ።
ብረት ሲነካ ግን እጥፉ አንድ በአንድ ይላላል፤
ለውሃ ያልነገረውን ለድንጋይ ይነግራል።
ሆዱን ይሰጣል። ተዘርግቶ ይተኛል።
በኋላ ቢያላቅቁትም ወደ ቀድሞው አይታጠፍም፤
ስሙ ያው ነው፣
እሱ ግን የለም።

ኅዳር ላይ ኮልማን ደረቱን ይዞ ጀልባው ወለል ላይ ቁጭ አለ።
በአንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ ነበር።
ፌስቲ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው
ጣቶቹን ከገመዱ ማላቀቅ ነበር።

ሐኪሞቹ በእጁ አንጓ ገቡ፣ እስከ ልቡ ድረስ ሄዱ፣
የጠበበውን ሥር በብረት ጥልፍልፍ ወደዱ።
እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን አየች፣
ከልማድ።
አሁን አልቡሚን። አሁን ከባዶቹ። አሁን ማን?
ምንም እንዳይነካው ብላ አሥር ዓመት የለፋችበትን ብረት
“ይንካው” አለችው ለግድግዳው፣
“የገዛ ሥጋው ይንካው፣ ይልበሰው፣
እንግዳ ሆኖ አይቅርበት፤ ብቻ ደሙ አይርጋበት።”
አንዲት አስታማሚ ዘወር ብላ አየቻት።

ሊነጋጋ ሲል ነቃ።
“ምን አስገቡብኝ?”
“ገመድ” አለችው።
“ዛጎሎቹስ? ያዙበት?”
“ገና እያዩት ነው፣ አባ።”
“ደህና ገመድ ከሆነ ይይዛሉ” አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ያልታጠበ እጁ ባሕር ባሕር ይሸታል።
መዳፏን መዳፉ ላይ አሳረፈች፤
ስንት ሰከንድ እንደሆነ
አልቆጠረችም።